ከግድግዳው ወዲያ የነበረው እንጉርጉሮ

የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሁሉ መቅጃውን የሚከፍተው ሰው እንዲናገርለት ነው። አንዲት ጋዜጠኛ ግን መጀመሪያ የምትቀዳው ሰው የማይናገርበትን ነበር። አንድ ቤት ገብታ እንደተቀመጠች፣ "እስቲ አንድ ደቂቃ ጭጭ በሉልኝ፤ ክፍሉ ይናገር" ትላለች። ሰው ግራ ይጋባል፤ አንዳንዱ ትንፋሹን ይውጣል፣ አንዳንዱ ሳቁ ያመልጠዋል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ቧንቧ ይንጠባጠባል፣ ወንበር ይንቋቋል፣ በውጭ መኪና ያልፋል። ባልደረቦቿ በዚህ ጠባይዋ "እመት ጭጭ" ብለው ስም አወጡላት። እሷም ስሙን ሳትወደው አልቀረችም፤ ሲጠሯት ቶሎ ትዞራለች።

ነገሩ የሙያ ነው። የተቀዳ ንግግር ተቆራርጦ ሲገጣጠም ስፌቱ እንዳይታወቅ የክፍሉ ዝምታ ከሥሩ ይነጠፍለታል። ሌላው ጋዜጠኛ ሥራውን ሲጨርስ ይጥለዋል፤ እመት ጭጭ ግን አትጥልም። የፍርድ ቤት መተላለፊያ፣ የሆስፒታል ተራ መጠበቂያ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ባዶ ድምፃቸው እሷ ዘንድ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ሲላት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ትዘዋወራለች። በመሃል ሸለብ ሲያደርጋት ክፍሎቹ ይቀላቀሉባታል፤ የፍርድ ቤቱን በር ከፍታ ስትገባ የአንድ ልብስ ሰፊ ሳሎን ታገኛለች፣ ከሳሎኑ ስትወጣ ሆስፒታሉ ይቀበላታል። በአንዱም ውስጥ ሰው የለም፤ ሁሉም ገና አሁን ወጥቶ የሄደ ይመስላል። ይህን ለእናቷ ስትነግራት፣ "ሰው ጠፍቶ ነው ልጄ ባዶ ቤት የምትሰሚው? ባል ብትፈልጊ አይሻልሽም?" አለቻት። እናት መቼም ነገሩን ሁሉ ወደዚያው ታመጣዋለች።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ የክር ማቅለሚያውን ጉዳይ የያዘችው።

ጉዳዩ አጭር ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለው ፋብሪካ ክር ያቀልማል። የማቅለሚያው ክፍል መስኮቶች በምስማር ተመትተው ተዘግተዋል፤ ነፋስ ከገባ አቧራ ይዞ ይገባል፣ አቧራ እርጥብ ክር ላይ ካረፈ ቀለሙ ይዥጎረጎራል፣ የተዥጎረጎረ ክር ገዢ የለውም። ክሩ እንዳይዥጎረጎር ተብሎ የሠራተኛ ሴቶቹ ሳንባ ተዥጎረጎረ። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚናገር ግን ጠፋ። ሥራው የፋብሪካው ነው፤ ሠራተኞቹ የሚኖሩባቸው በረድፍ የተሠሩ ክፍሎችም የፋብሪካው ናቸው። አፏን የከፈተች ሴት ከሥራዋም ከጣራዋም በአንድ ቀን ትወጣለች።

አንዷ ደፈረች። ክር ነካሪ ናት፤ ወጣትነቷን እዚያ እንፋሎት ውስጥ የጨረሰች፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት። ጋዜጠኛዋ ቤቷ ስትገባ ቀድማ ያየችው እጆቿን ነው። እስከ ክርኗ ድረስ ሰማያዊ ነበሩ።

"ባለፈው ሰሞን ቀይ ነበሩ" አለች ክር ነካሪዋ እያሳየቻት። "ያኔ ብትመጪ ኖሮ ነፍስ ያጠፋሁ መስዬሽ በመጣሽበት ትመለሺ ነበር።"

ትራሷ ላይም፣ ልክ አፏ የሚያርፍበት ቦታ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ጥላ ነበረ። ቀን የሳበችውን ቀለም ሌሊት ትተነፍሰዋለች። "ሕልሜ ሳይቀር በዚያ ሰሞን በምንነክርበት ቀለም ነው የሚመጣው" አለች። "ቢጫ ሲሆን ደስ ይለኛል። የሞቱት ሁሉ ቢጫ ለብሰው ይመጣሉ፣ ሠርግ ይመስላል።"

ክፍሉ አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ሳጥን ይዞ ሞልቷል። ከጎረቤት የሚለየው ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። ጋዜጠኛዋ እንደ ልማዷ ደቂቃዋን ጠየቀች፤ ሁለቱም ዝም አሉ። ያን ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ የሽማግሌ እንጉርጉሮ ተሰማ። ቃል የለውም። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ልጅ የሚያስተኙበት ዓይነት ዜማ ነው።

ደቂቃዋ ስታልቅ ክር ነካሪዋ ሳቀች። "አባባ ናቸው። ሰፈሩ አባ እንጉርጉሮ ይላቸዋል። የፎርማናችን አባት ናቸው እኮ! ልጃቸው ከእኔ ጋር ይኑሩ ቢላቸው እምቢ ብለው እዚሁ ቀሩ። አይዞሽ፣ ጆሯቸው አይሰማም። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ስመታላቸው በመዳፋቸው ይሰማቸዋል መሰለኝ፣ ይቺን ይጀምሩልኛል። በእሷ ነው ከአልጋ የምነሳው።"

"እንጀምር እትዬ?"

"ድምፄስ?"

"እቀይረዋለሁ። የወለዱዎት እናትዎ ቢሰሙት እንኳ አያውቁዎትም።"

"ማይልኝ።"

"ቃሌ ነው። አደራዎን አልበላም።"

ክር ነካሪዋም ተናገረች። ስለ ምስማሮቹ፣ ስለ እንፋሎቱ፣ እየሳለች ወደ ቤቷ ተልካ ስላልተመለሰች ጓደኛዋ ተናገረች። ሳል ሲያቋርጣት ጋዜጠኛዋ እጇን ይዛ ትጠብቃታለች። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት አባባ ምንም አልሰሙም፤ እንጉርጉሯቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወራት ወሰደ። ሐኪም መለመን፣ የፋብሪካውን መልስ መጠበቅ፣ ፈሪውን አርታኢ ማደፋፈር ቀላል አይደለም። ጋዜጠኛዋ የክር ነካሪዋን ድምፅ አወፈረችው፣ አዘገየችው፣ ጭራሽ ሌላ ሴት አደረገችው። ሳል ደግሞ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የሰውን ሳል የሚያውቅ ያውቀዋል ብላ ሳሉን ሁሉ አንድ በአንድ ቆርጣ አወጣች። ንግግሩ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። እሷም ያቺን የክፍሉን ደቂቃ አንስታ፣ ስታልቅ መልሳ ከመጀመሪያዋ እየጀመረች፣ ከሥር ከዳር እስከ ዳር ነጠፈቻት። ድምፁን ለወጠች፤ ክፍሉን አልለወጠችም። ባዶ ክፍል ሰው ያጋልጣል ብሎ ማን ያስባል? ማሰብ የነበረባት እሷ ነበረች። ግን ሰው የሚወደውን ነገር አይጠረጥርም።

ዝግጅቱ የተላለፈው በዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጋዜጠኛዋ እናቷ ቤት ሄዳ አብራት ሰማች። ፀሐይ በመጋረጃው አልፋ ወለሉ ላይ ተጋድማ ነበር። እናት ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንዴ ስትነቃ አንዴ ስታንቀላፋ ቆየች።

"ጥሩ ነው" አለች ሲያልቅ። "ሴትየዋ አሳዘነችኝ። ሽማግሌው ግን ማን ናቸው?"

"የቱ ሽማግሌ?"

"ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያንጎራጉሩ የነበሩት ናቸዋ! እንቅልፌ መጣ ስል ዜማቸውን ያቋርጡና እንደገና ከሀ ይጀምሩታል። ምናለ አንዴ ቢጨርሱት?"

ጋዜጠኛዋ በተቀመጠችበት ክው አለች። ጆሮዋ ያንን እንጉርጉሮ እንደ ግድግዳው፣ እንደ ሳጥኑ፣ የክፍሉ ዕቃ አድርጎ ቆጥሮት ነበር። የፎርማኑ አባት በመላው ሀገር ሬዲዮ ሲያንጎራጉሩ ዋሉ። ከእሳቸው ጋር ግድግዳ የምትጋራ ሴት ደግሞ አንዲት ብቻ ናት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እህል ውኃ የማያሰኙ ነበሩ። ፋብሪካው "ስም አጥፊዋን ሠራተኛ አጣርተን እርምጃ እንወስዳለን" የሚል መግለጫ አወጣ። ወደ ክር ነካሪዋ መደወል እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው፤ አለመደወልም ሌላ በደል ነው። ጋዜጠኛዋ በሕልሟ ያቺን ክፍል እየደጋገመች ታያት ጀመር። አልጋው አለ፣ ሳጥኑ አለ፣ ትራሱ ላይ ሰማያዊው ጥላ አለ፤ ክር ነካሪዋ ግን እንደ ሌሎቹ ክፍሎች ሰዎች ወጥታ ሄዳለች።

ሳምንቱ ሳይሞላ ፎርማኑ ራሱ ጣቢያው ድረስ መጣ። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ የጨበጠ ሰው። ማን እንደሆነ ሲናገር ጋዜጠኛዋ ተሽቀዳድማ፣ "ያናገርነውን ሰው ማንነት አንገልጽም" አለችው።

"ማን ተናገረ ብዬ አልመጣሁም" አለ። "ከኋላ ሲያንጎራጉሩ የሚሰሙት አባቴ ናቸው።"

"የሚያንጎራጉር ሽማግሌ ብዙ ነው።"

"የእኔን አባት አላጣቸውም።" ኮፍያውን አዞረው። "ዝናብ ሳይገባ አረፉ።"

ጋዜጠኛዋ ይህን አልሰማችም ነበር። "እግዜር ያጽናዎት" አለች፤ ድምፅዋ ከአንገቷ በላይ አልነበረም።

"ልጅ ሆኜ የሚያስተኙኝ በዚያች ዜማ ነበር። ይገርምዎታል፣ መጨረሻዋን ሰምቻት አላውቅም። ሁልጊዜ እንቅልፍ ይቀድመኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ 'አባባ እስቲ ይጨርሱልኝ' እንዳልል አፈርሁ፤ ይሄን የሚያህል ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? በኋላ ጆሯቸው ሄደ፣ በኋላ እሳቸው ሄዱ። እና ያን ዕለት ሬዲዮ ብከፍት አባቴ! ግን እናንተም ዜማዋ ልታልቅ ስትል ትመልሷታላችሁ።" ቀና ብሎ አያት። "ቀሪው የለዎትም?"

ቀሪው ነበራት። ያለው ግን ከክር ነካሪዋ እውነተኛ ድምፅ ሥር ነው፤ ባልተቆረጠው፣ ባልተለወጠው ቅጂ ላይ። አባትየውን ማሰማት ማለት ሴትየዋን ከነስሟ ማስረከብ ነው።

"ተሳስተዋል" አለች። "የሚሉት ሰው እኔ ዘንድ የሉም።"

ሐዘንተኛ ፊት ለፊት ቆሞ እንዲህ ማለት ይከብዳል። እሷ አለችው፤ ስትለውም አፏ መረራት።

"እሺ" አለ ፎርማኑ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። "አለቆቼ ድምፁን ታውቀዋለህ ወይ ብለውኝ አላውቀውም አልኳቸው። ውሸቴን አይደለም፣ ድምፁን አላወቅሁትም። እስካሁን ዝም ብያለሁ።"

"እስካሁን" ያለው ለማስፈራራት ይሁን ለማጽናናት አልገባትም። ሲመሽ ግን አንድ ነገር ወሰነች። ይህን የምትቆርጠው እሷ አይደለችም፤ ቃል የተገባላት ሴት ናት።

በማግስቱ ክር ነካሪዋ ከሥራ ስትመለስ ጋዜጠኛዋ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። በዚያ ሰሞን የክር ነካሪዋ እጆች አረንጓዴ ነበሩ። ጋዜጠኛዋ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ክር ነካሪዋ እስከ መጨረሻው ሰምታ አልጋዋ ላይ ዘጭ አለች።

"ድምፄን ደበቅሽና ቤቴን አሳየሽብኝ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"አምኜሽ!"

"አዎ።"

ክር ነካሪዋ ፊቷን አዞረችባት። ወደ ጣውላው ግድግዳ እንዳየች፣ "ቆይ" አለች፤ "አባባ አሉ ነው የምትዪኝ? እዚያ ዕቃሽ ውስጥ አሉ?"

ያቺን ደቂቃ አሰማቻት። እንጉርጉሮው ከመቅጃዋ ወጥቶ ክፍሉን ሲሞላው ክር ነካሪዋ አረንጓዴ መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። እንባዋ ወረደ። "እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እጄ ሳላስበው ይመታዋል" አለች። "ዝም ይለኛል።"

"ምን ላድርግ እትዬ? እርስዎ ያሉትን ነው የማደርገው።"

"ብልጥ ብሆን ኖሮ መስኮቱን ክፈትና አባትህን ውሰድ እለው ነበር።" አፍንጫዋን ጠረገች። "እኔ ክር ነካሪ ነኝ፣ ሰው መያዣ አድርጌ አላውቅም። የሰው አባት ይዤ ልቀመጥ እንዴ? ጥሪው።"

"ቢያስባርርዎትስ?"

"እፈራለሁ እንጂ! አልፈራም ያለሽ ማን ነው? ጥሪው አልኩሽ፣ ሳልቀዘቅዝ።"

ፎርማኑ መጣ። በበሩ ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ ክር ነካሪዋን አይቶ፣ እንደ ተማሪ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጋዜጠኛዋ ማዳመጫውን ሰጠችውና ያልተቆረጠውን ቅጂ ከፈተችለት።

ሁለቱ ሴቶች የሚያዩት ፊቱን ብቻ ነበር። አባቱን ለመስማት እሷን መስማት ነበረበት። ከአባቱ እንጉርጉሮ በላይ ስለ ምስማሮቹ ሰማ፤ ስላልተመለሰችው ጓደኛዋ ሰማ፤ ስለ እንፋሎቱ ሰማ። ዓይኑን ጨፈነ። ራሱ ቀስ እያለ ይወዛወዝ ጀመር፤ ዜማው ሬዲዮው ከሚያቋርጥበት ቦታ አልፎ ወደ መጨረሻው እየሄደ መሆኑን ከፊቱ አወቁ። ድንገት ዓይኑን ገለጠ።

"ሳል መጣ" አለ።

ጋዜጠኛዋ ቅጂውን ወደኋላ መለሰችለት። እንደገና ጨፈነ፣ እንደገና ተወዛወዘ፣ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ደንግጦ ነቃ። ሦስተኛም ሞከሩ።

"ሳሉን ማንሳት አይቻልም?"

"አይቻልም" አለች ጋዜጠኛዋ። "መጨረሻዋ ያለችው እዚህ ብቻ ነው፤ ከሳሉ ጋር አንድ ላይ ነው የተቀዱት። ሳሉን ካወጣሁ አባትዎም አብረው ይወጣሉ።"

ፎርማኑ ማዳመጫውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "ምስማሮቹን የመታኋቸው እኔ ነኝ" አለ።

"አውቃለሁ" አለች ክር ነካሪዋ። "ወንበሩን የያዝኩልዎት እኔ አልነበርኩ?"

ከዚያ ሰውየው አንገቱን እንደደፋ፣ "አንቺ መጨረሻዋን ታውቂያታለሽ" አላት። "ስንት ዓመት ሰምተሻት!"

"እንዴት አላውቃት።"

ሞከረችለት። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፤ ዜማውን ግን ልክ እንደ ሽማግሌው ይዛ ወጣች፣ ወረደች፣ መጨረሻው ጋ ስትደርስ ሳል አፈናት። ውኃ ጠጥታ ደገመች። እዚያው ቦታ ላይ ቀረች።

"ትንፋሼ እዚያ አይደርስም፣ ጋሼ" አለች። ነቀፋ አልነበረበትም፤ ያለውን ነው የተናገረችው።

ሰውየው ተነስቶ ወጣ። ኮፍያውን ረስቶት ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ለጋዜጠኛዋ ደውሎ፣ "መቅጃዎን ይዘው ይምጡ፣ በሩ ላይ እኔ አለሁ" አላት። ማቅለሚያው ክፍል ውስጥ እንፋሎቱ እንደ ጉም ተኝቷል፤ ሴቶቹ በጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ ከላያቸው ረጃጅም አረንጓዴ ክሮች ተንጠልጥለው ይንጠባጠባሉ። ፎርማኑ ወንበር ላይ ወጥቶ ምስማር ይነቅላል። ወንበሩን ክር ነካሪዋ ይዛለታለች። ምስማሮቹ ዝገዋል፤ ሲነቀሉ ይጮኻሉ።

"ባለቤቶቹ ያውቃሉ?" አለችው ጋዜጠኛዋ።

"አሁን ያውቃሉ። እርስዎ ሬዲዮ አይደሉ እንዴ?"

"ድምፅዎን ልቀይረው?"

"ይተዉት።"

የመጀመሪያው መስኮት ሲከፈት ነፋሱ ዘው ብሎ ገባ። ክሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተወዛወዙ፤ ጉሙ ግራ እንደገባው ሰው ትንሽ ዞር ዞር ካለ በኋላ መንገዱን አግኝቶ ወጣ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ክሩ ላይ አቧራ አረፈበት፤ ማንም አላራገፈውም።

ፋብሪካው ፎርማኑን ሊያባርረው ፈልጎ ነበር፤ ግን ሁለተኛው ዝግጅት ከነስሙና ከነድምፁ ተላልፎ ሀገሩ ሁሉ ስለሰማው አልደፈረም። ከፎርማንነቱ አውርዶ ክር ተሸካሚ አደረገው፤ ከአለቆች ቤትም አስወጣው። መኖሪያ ብለው የሰጡት ባዶ የነበረውን የአባቱን ክፍል ነው። ቅጣት መስሏቸው ይሆናል። መስኮቶቹን ዳግም በምስማር የመታ ግን አልተገኘም።

ብዙ ቆይታ ጋዜጠኛዋ ክር ነካሪዋን ልትጠይቅ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፈረቃው ገና መውጣቱ ነው። የክር ነካሪዋ እጆች ቢጫ ናቸው፤ ትራሷ ላይ ያለው ጥላ ግን ታጥቦ ሊጠፋ ደርሷል። ሳሉም እንዳለ ነው፣ ግን ቀንሷል።

"ደቂቃሽን አትጠይቂም?" አለቻት ክር ነካሪዋ። "ዛሬ ደረቴ ቀለል ብሎኛል።"

ጋዜጠኛዋ መቅጃውን ከፈተች። ክር ነካሪዋ ግድግዳውን በጣቷ መታች። ከወዲያ የድካም ድምፅ፣ "አለሁ፣ አሁን ገባሁ" አለ፤ አልጋ ተንቋቋ። እሷም ዜማዋን ጀመረች። ወጣች፣ ወረደች፤ ሬዲዮው የሚያቋርጥበትን ቦታ አለፈች፤ ሳሉ የሚመጣበትን ቦታ፣ አንድ ጊዜ ትንፋሿን ስባ፣ እሱንም አለፈች። መጨረሻው አጭር ነበር። ሰው በሩን ሳያጮህ ዘግቶ እንደሚወጣው ነው፤ ወረድ ብሎ ቆመ።

ሁለቱም ወደ ግድግዳው ዞረው ጠበቁ። ምንም ድምፅ የለም። ትንሽ ቆይቶ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከባድና ሰላማዊ ማንኮራፋት ተሰማ።

"ተኛ!" አለች ጋዜጠኛዋ አፏን ይዛ። "ዛሬም እንቅልፍ ቀደመው! ልቀስቅሰው እንዴ?"

"ተይው፣ ደክሞታል፣ ይተኛ" አለች ክር ነካሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ነገ እደግምለታለሁ። አሁን ትንፋሽ አለኝ።"